ሳይሾሙ መደመጥ፦ ለአንዲት የወረዳ ባለሙያ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በሰሜን ሸዋ ዞን በአንድ የደጋ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ሆኜ ስሠራ 9ኛ ዓመቴ ነው። ለቡድን መሪነት ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ሰው ተመደበ፤ የአሁኑ ቡድን መሪ ከእኔ በኋላ የተቀጠረ ነው። ወንበሩን ትቼዋለሁ። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። በስብሰባ ላይ የምናገረውን ማንም ልብ አይለውም፤ ያንኑ ሐሳብ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ሲያነሣው ግን ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። የቀበሌ ልማት ሠራተኞችም የምልክላቸውን የአሰሳ ቅጽ ሞልተው አይመልሱልኝም፤ አንዱማ ‹አለቃችን አይደለችም› ብሎ መናገሩን ሰምቻለሁ። ሥልጣን ሳይኖረኝ በመሥሪያ ቤቴ ተደማጭ የምሆንበት መንገድ አለ ወይስ ዝም ብዬ ደመወዜን ልቁጠር?»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ መንገዱ አለ፤ ለእርስዎም አዲስ አይደለም፣ ላለፉት 9 ዓመታት በመስክ ሲሄዱበት የኖሩት ነው። አንድ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ በአርሶ አደሩ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም። ማሳውን እንዲረጭ አያዝዘውም፣ ባይረጭ ደመወዝ አይቆርጥበትም፣ ቢረጭም የደረጃ ዕድገት አይሰጠውም። እንዲህም ሆኖ ያው አርሶ አደር የእርስዎን ቃል ሰምቶ በጉን ሸጦ ኬሚካል ሲገዛ፣ የለመደውን ዘር ትቶ አዲስ ሲዘራ በዓይንዎ አይተዋል። ሳይሾሙ መደመጥ ማለት ይኸው ነው። እኔ የሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያ ነኝ እንጂ የግብርና ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ ባሉ መሥሪያ ቤቶች ለረጅም ዘመን ስሠራ፣ በመስክ ስንቱን ሰው አሳምነው የሚመለሱ ባለሙያዎች የቢሮውን በር ሲያልፉ ያን ብልሃታቸውን ከጫማቸው ጭቃ ጋር አራግፈው ሲገቡ ብዙ ጊዜ ታዝቤአለሁ። ገበሬው ዘንድ ሲሄዱ ማሳውን አይተው፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ጠይቀው፣ ጎረቤቱ ምን እንደዘራ አውቀው ነው የሚናገሩት። ስብሰባ ሲገቡ ግን እጅ አውጥተው ትክክለኛውን ነገር ይናገሩና «ትክክል ስለሆነ ይሰማኛል» ብለው ይቀመጣሉ።

ለእርስዎ ሙያ ቅርብ የሆነ አንድ ጥናት ላስታውስዎ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943 ዓ.ም. ብራይስ ራያንና ኒል ግሮስ የተባሉ አሜሪካውያን በአዮዋ ግዛት የሚገኙ ገበሬዎች የተዳቀለ የበቆሎ ዘር እንዴት እንደተቀበሉ አጥንተው አሳተሙ። አብዛኞቹ ገበሬዎች ስለ ዘሩ መጀመሪያ የሰሙት ከሻጮች ነበር፤ እንዲዘሩት ያሳመናቸው ግን በአብዛኛው የጎረቤት ቃል ነበር። ሲጀምሩም መሬታቸውን በሙሉ አልሰጡትም፤ ጥቂቱን ለሙከራ ሰጥተው አይተው ነው በየዓመቱ ያሰፉት። የእኛ አገር ሰርቶ ማሳያም በዚሁ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። በመሥሪያ ቤት ውስጥም ሰው አዲስ ነገር የሚቀበለው ከተናጋሪው ስብሰባ ላይ ስለሰማው ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ የተቀመጠው ባልደረባው «እኔ አይቼዋለሁ፣ ይሠራል» ሲለው ነው። እርስዎ እስካሁን በቢሮዎ የሻጩን ድርሻ ሲጫወቱ ኖረዋል፤ ጎረቤቱን አላዘጋጁም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት፣ ጆን ፍሬንችና በርትራም ሬቨን በ1959 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደ አውሮፓውያኑ ናቸው) ሰው በሰው ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድርባቸውን ምንጮች አምስት አድርገው ከፍለዋቸው ነበር፤ ከሹመት የሚመነጭ መብት፣ የመሸለም አቅም፣ የመቅጣት አቅም፣ ዕውቀትና ሰዎች ለግለሰቡ ያላቸው አክብሮት ናቸው። ሦስቱ ከወንበሩ ጋር ይመጣሉ፤ ከወንበሩም ጋር ይሄዳሉ። ሬቨን በኋላ በስድስተኛነት የጨመረው መረጃን ነው። እርስዎ ያጡት እንግዲህ ሦስቱን ብቻ ነው። በ1962 ደግሞ ዴቪድ መካኒክ የተባለ የማኅበራዊ ሳይንስ ሰው በድርጅት ውስጥ ዝቅ ባለ ቦታ ያሉ ሰዎች ከደረጃቸው በላይ ኃይል የሚያገኙት ሌሎች የሚፈልጉትን መረጃ፣ ሰው ወይም መገልገያ በእጃቸው በማድረጋቸው መሆኑን ጻፈ። ይህን ለማመን የራስዎን ጽሕፈት ቤት ማየት ይበቃል። መኪናው ማክሰኞ ወደ ቆላ ቀበሌዎች እንደሚወርድ ከኃላፊው ቀድሞ የሚያውቀው ማን ነው? ደብዳቤዎ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ የምታውቀው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አይደለችም? ሾፌሩ ወይም መዝገብ ቤቷ አልተሾሙም፤ ሁሉም ግን ሰላምታቸውን ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ልጨምር። ሚሼል ክሮዚዬ የተባለ ፈረንሳዊ የማኅበረሰብ አጥኚ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአገሩ የመንግሥት የትምባሆ ፋብሪካዎች ላይ ባሳተመው ጥናት፣ ሁሉ ነገር በደንብ በታሰረበት በዚያ ፋብሪካ ከቁጥጥር ውጭ የቀረው የማሽን ብልሽት ብቻ ስለነበር የጥገና ሠራተኞቹ ከደረጃቸው በላይ ኃይል እንደነበራቸው አሳይቷል። ዕውቀታቸውን በጽሑፍ ሳያሰፍሩ በእጃቸው ብቻ ይዘውት ነበር። በአገራችንም «ፋይሉ እኔ ጋ ነው» እያሉ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ይፈራል፣ ይለመናል፤ ምክሩን የሚፈልግ ግን የለም፤ ሲዛወርም ደስ ብሏቸው ይሸኙታል። ስለዚህ የምመክርዎ መረጃን እንዲይዙት ሳይሆን መረጃ በእርስዎ በኩል እንዲያልፍና ለሁሉም እንዲደርስ እንዲያደርጉ ነው።

አሁን ወደ ልማት ሠራተኞቹ እንምጣ፤ የችግርዎ ቁልፍ እዚያ ያለ ይመስለኛል። የልማት ሠራተኛው የእርስዎ ቅጽ ብቻ አይደለም የሚደርሰው። የማዳበሪያ፣ የተፋሰስ፣ የእንስሳት ክትባት፣ የሴፍቲኔት፣ የእቅድ አፈጻጸም እያለ ከየአቅጣጫው ቅጽ ይወርድበታል፤ አንዱም ተመልሶ «የላክኸው መረጃ ይህን አስገኘ» የሚለው የለም። የእርስዎን ቅጽ ያልሞላው ስለናቀዎ ነው ብለው ደምድመዋል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ይበልጥ የምጠረጥረው ቅጹ ከእርሱ ወስዶ ለእርሱ ምንም የማይመልስ መሆኑን ነው። በአካባቢያችን ወንፈል እንዴት እንደሚጀመር ያውቃሉ፤ በሬዎቹን ይዞ ቀድሞ ወደ ሌላው ማሳ የሚሄድ ሰው ከሌለ ወንፈል የለም። ብድሩ አይጻፍም፣ ምስክር አይቆምበትም፣ ግን አይረሳም። እርስዎ የጀመሩት «መጥታችሁ እረሱልኝ» ብለው ነው።

ስለዚህ ቅጹን ይተዉትና በክረምቱ ወራት እንዲህ ቢያደርጉ እወዳለሁ። የቢጫ ዋግ፣ የዚያ የስንዴ በሽታ፣ ነገር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ይወዳል፣ በነፋስ ይጓዛል፣ በእኛ አቆጣጠር በ2002/03 የመኸር ወቅት ኩብሳን የመሰለ በስፋት ይዘራ የነበረ የስንዴ ዝርያን ምን እንዳደረገው የዘመኑ ባለሙያ ሁሉ ያስታውሰዋል። የመከላከሉ ሥራ የሚሳካው ቀድሞ ሲታይ ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን «ቀድሞ ማየት» የእርስዎ ያድርጉት። በየሳምንቱ ሐሙስ ለየልማት ሠራተኛው ይደውሉና ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቁ፤ ዋግ ታይቷል ወይ፣ የት ጎጥ፣ በየትኛው ዝርያ ላይ። ባቄላ በሚበዛባቸው ቀበሌዎች ቆርምድ ስለሚባለው የባቄላ በሽታ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ። ዓርብ ጠዋት ያገኙትን በግማሽ ገጽ አጠቃልለው፣ ቀበሌዎቹን በስም፣ የልማት ሠራተኞቹንም በስም ጠቅሰው፣ ለሁሉም በስልክ ይላኩት፤ አንዱን ቅጂ ለኃላፊው፣ አንዱን ለግብዓት አቅርቦት፣ አንዱን ለቡድን መሪዎ ያድርሱ። የደወሉለት የልማት ሠራተኛ «በሽታ አየሁ» ካለ በሁለት ቀን ውስጥ ማሳው ላይ ይገኙ፤ መኪና ከሌለ በሞተር ሳይክል፣ እሱም ከሌለ በሕዝብ መኪና።

ይህ ሲደረግ የሚሆነውን በሌሎች መሥሪያ ቤቶች አይቼዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ማንም ምንም አይልም። ከዚያ አንድ ቀን ከዞን ስልክ ይደወልና ኃላፊው ስለ ዋግ ሁኔታ ይጠየቃል፤ በእጁ ያለው ብቸኛው የተጻፈ ነገር የእርስዎ ግማሽ ገጽ ነው። ያን ዕለት ከእሱ አንብቦ ይመልሳል፤ በቀጣዩ ሳምንት ዓርብ ከዘገየበት ራሱ «የዛሬዋ የት አለች?» ይላል። ስሙ በኃላፊው ፊት የተጠራ የልማት ሠራተኛም ሐሙስ ሳይደወልለት ራሱ መደወል ይጀምራል። እንግዲህ ማንንም አላዘዙም፤ ግን የወረዳው ወሬ በእርስዎ እጅ እያለፈ ነው።

በስብሰባ ላይ ሐሳብዎ አለመሰማቱንና በሌላ ሰው ስም መመለሱን በተመለከተ ከእኔው ልጀምር። ወጣት ሳለሁ በተቀጠርሁበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ገና አምስት ወር እንኳ ሳይሞላኝ፣ የዓመቱ አፈጻጸም ሲገመገም ኃላፊው ያነበቡት የሠንጠረዥ ድምር ስሕተት መሆኑን አየሁ። ከዞን የመጡ እንግዶች ባሉበት ተነሥቼ ትክክለኛውን ቁጥር ተናገርሁ። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ ሁሉም ከዚያ በኋላ አረጋገጠው። እኔ ግን ለሁለት ዓመት ያህል ከማንኛውም ኮሚቴ ውጭ ሆንሁ፤ የምናገረውም ሁሉ «ያ ተቃዋሚ» የሚል ስም ተለጥፎበት ነበር የሚሰማው። ኤድዊን ሆላንደር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1958 የጻፈውን ያወቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው። እርሱ እንደሚለው ሰው በቡድን ውስጥ መጀመሪያ የቡድኑን ወግ ጠብቆና ሥራውን አሳይቶ አመኔታ ያጠራቅማል፤ ከወጉ ወጣ ብሎ ሲናገር የሚታገሡት ካጠራቀመው እየተቀነሰ ነው። በእኛ አነጋገር እኔ አንድም ዙር ሳልጥል የዕቁቡን ዕጣ ልውሰድ ብዬ ነበር። ነገሩን ያቃናልኝ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ስሕተት ሳገኝ ከስብሰባው በፊት በነበረው ቀን ማታ በእርሳስ አስምሬበት ቢሯቸው ይዤው መግባቴ ነው። አርመው አነበቡት፤ ማን እንዳረመው አልተናገሩም፤ ከዚያ በኋላ ግን ሪፖርት ሳይነበብ በፊት እኔ ዘንድ መምጣት ጀመረ።

እርስዎ የ9 ዓመት ቁጠባ አለዎት፤ የጎደለዎት ከስብሰባው በፊት ያለው ሥራ ነው። የሰሜን ሸዋ ሽማግሌዎች ደም ሲያደርቁም ሆነ የድንበር ጠብ ሲያበርዱ ጉዳዩን ዛፍ ሥር ከማውጣታቸው በፊት በየቤቱ ሄደው፣ የአንዱን ወገን ለብቻ፣ የሌላውን ለብቻ ሰምተው፣ ማን ምን ሊቀበል እንደሚችል አውቀው ነው። ዛፉ ሥር የሚደረገው የታወቀውን ማጽናት ነው። ኮሚቴም ከዚህ ብዙ አይለይም። አንድ ሐሳብ ካለዎት ከስብሰባው በፊት በነበሩት ቀናት ከሦስት ሰዎች ጋር ይነጋገሩበት፤ ሥራውን በሚነካው ሰው ይጀምሩ፣ ሊቃወም የሚችለውን አይለፉት፣ ገንዘቡን የሚያውቀውን የፋይናንስ ባለሙያም ያካትቱ። ተቃዋሚው የሚለውን ሰምተው ሐሳብዎን ያርሙ፤ ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ከዚያ አንድ ገጽ ይጻፉ፤ ስምዎንና ቀኑን ያስፍሩበት፤ በመዝገብ ቤት በኩል ለቡድን መሪው ያስገቡ። ስብሰባው ላይ ሲናገሩም ሰምና ወርቅ አያብዙ። ይህን የምለው ወግ ስለምንቅ አይደለም፤ ደጋ ሰው ነገሩን አለስልሶና አዙሮ መናገር ያውቅበታል፣ በሽምግልናና በቅኔ ያምርበታል፣ ግን ከምሳ በፊት 12 አጀንዳ መጨረስ ያለበት ሰብሳቢ ወርቁን ፈልጎ አያወጣም። የሚፈልጉትን፣ ማን እንደሚሠራውን፣ መቼ እንደሚያልቅና ስንት እንደሚፈጅ በአራት ዓረፍተ ነገር ይንገሩት።

ሐሳቡ በሌላ ሰው ስም ቢመለስስ? ገጹ በመዝገብ ቤት ገብቶ ስለተመዘገበ መጨነቅ የለብዎትም። «ይህ የእኔ ነው» ብለው ከመነሣት ይልቅ «አቶ እገሌ ያነሣው ጥሩ ነው፤ በሚያዝያ ያቀረብሁት ጽሑፍ ላይ የወጪው ስሌት አለ፣ እሱን ብንጀምርበት» ይበሉ። የሐሳቡ ባለቤት ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል፤ ሰውየውም አላፈረም፣ ደጋፊዎ ሆኖ ይቀራል። ይህ ቀላል አይደለም፤ ይቆጫል፤ ሆኖም ለአንድ ሐሳብ የተከፈለ ዋጋ ነው።

ከላይ ሚያዝያን የጠቀስሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የገንዘብና የሰው ምደባ የሚጠይቅ ሐሳብ ሁሉ የሚሰማው እቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ነሐሴ ላይ ዋጉ ታይቶ «የመጠባበቂያ ኬሚካል ያስፈልገናል» ቢሉ እውነት ነው፣ ግን ሰሚው ሊያደርግ የሚችለው ነገር ስለሌለ ሐሳቡ ለእርሱ ወቀሳ ይሆንበታል፤ ሰውም ወቃሹን አይወድም። ያንኑ ቃል ሚያዝያ ላይ ካለፈው ዓመት የዓርብ ግማሽ ገጾች ጋር ካቀረቡት መፍትሔ ነው። ሰኔ ውስጥ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ያልተጠቀሙበት በጀት ሳይመለስ ሥራ ላይ ለማዋል ሁሉም የሚሯሯጥበት ወር ስለሆነ፣ ዝርዝሩና የዋጋ ማቅረቢያው የተዘጋጀ ትንሽ ጥያቄ በእጅዎ ይኑር። ዘር ያለ ወቅቱ እንደማይዘራ ለእርስዎ አልነግርዎም።

ስለ ቡድን መሪዎ። ከእርስዎ በኋላ ተቀጥሮ ቀድሞ መሾሙ ያማል፤ ለእርሱም ግን ወንበሩ የሚመች አይመስለኝም። ከእርሱ የበለጠ የምታውቅ ባለሙያ ከሥሩ ተቀምጣለች፣ ሁለት ጊዜም ተወዳድራለች፤ እያንዳንዱን ንግግርዎን የሚሰማው በዚህ ጆሮ ነው። የዋግ ሥራውን ሲጀምሩ መጀመሪያ ለእርሱ ያሳዩት፤ የመጀመሪያውን ገጽ «በቡድኑ» ስም ይላኩት፤ ስምዎ ከታች እንደ አዘጋጅ ይኑር። አንዳንዱ ይህን አሽከርነት ይለዋል። እኔ አልለውም፤ ግን ወሰን አለው። ሥራውን አብሮ መሥራትና የእርሱን ሪፖርት ሁልጊዜ መጻፍ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ዕውቀትዎን ያሳያል፤ ሁለተኛው ጸሐፊ ያደርግዎታል። በተለይ ሴት ባለሙያዎች ላይ «አንቺ እጅ ጽሑፍሽ ያምራል፣ ቃለ ጉባኤውን ያዢ» የሚባለው ነገር ብዙ ነው፤ የሻይ ቡናው መዋጮም፣ የሐዘን ልብሱ አሰባሰብም እንዲሁ ወደ አንድ ሰው ይገፋል። የማኅበራዊ ጉዳዩ በተራ ይሁን ብለው በትሕትና ይጠይቁ። ቃለ ጉባኤውን ግን ከሰጡዎ ጠልተው አይተዉት፤ እያንዳንዱ ውሳኔ ሥር የሚሠራው ሰው ስምና የሚያልቅበት ቀን እስኪነገርዎ ድረስ ብዕርዎን አያንሡ፤ «ማን ልበል? መቼ ልበል?» ብሎ የሚጠይቅ ጸሐፊ ሳይሰበስብ ስብሰባውን ይመራዋል።

ይህ ሁሉ የማይሠራው ነገርም አለ። ተደማጭነት ፊርማ አይሆንም፤ ክፍያ አያጸድቅም፣ ደመወዝም አይጨምርም። ኃላፊው ራሱ ሥራው እንዲሠራ የማይፈልግ ከሆነ ደግሞ ግማሽ ገጽዎ የትም አይደርስም፤ እንዲህ ያለ ቤት ካጋጠመዎት ዝውውር መጠየቅ ሽንፈት አይደለም። በተጨማሪ ሁለቱ ውድድሮች ላይ የነጥብ አሰጣጡ ትክክል አልነበረም ብለው የሚያምኑ ከሆነ፣ ያንን በዝምታ ከመብሰልሰል የመሥሪያ ቤቱ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ዘንድ በጊዜ ገደቡ ውስጥ በጽሑፍ ማቅረብ መብትዎ ነው። ሁለቱን ጉዳዮች ግን አያደባልቁ፤ ቅሬታዎን በማመልከቻ ይጨርሱት እንጂ በስብሰባ ሐሳብዎ ውስጥ አይጨምሩት፤ ያን ጊዜ የሚሰማዎ ሰው ሐሳቡን ትቶ ቅሬታውን ብቻ ይሰማል።

ለመጀመር ሁሉንም ቀበሌ አይያዙ። ሰርቶ ማሳያ ሲመርጡ እንደሚያደርጉት ሁለት ብቻ ይምረጡ፤ አንዱ ጎበዝ የልማት ሠራተኛ ያለበት፣ ሌላው ደግሞ ለዋናው መንገድ ቅርብ የሆነና ከዞን የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያቆምበት ይሁን። «አለቃችን አይደለችም» ያለውን ልጅ ለጊዜው ይተዉት፤ የጎረቤት ቀበሌ የልማት ሠራተኛ ስም ዓርብ ዓርብ ሲጠራ ጥቂት ሳምንት ይስማው፣ ከዚያ ሐሙስ ቀን ይደውሉለት።